በቱርክ ግጥምና አጭር ልቦለድ ውስጥ የድሃ ልጅ፤ ንባቡ ከየት ይጀመር?

ጓዳ አንባቢ

ጤና ይስጥልኝ። የንባብ ማኅበራችን ለሚቀጥለው ወር ተኩል «ድህነት በልጅ ዐይን» በሚል ርእስ የቱርክ ሥነ ጽሑፍ ሊያነብ ወስኗል። አብዛኞቻችን ቱርክን የምናውቃት በቃና ከምናያቸው ተከታታይ ድራማዎች ነው፤ ስለዚህ ፊታችን ላይ የሚመጣው የቦስፎረስ ዳር ቪላ ነው። ረጅም ልቦለድ አንፈልግም። በአንድ ቁጭታ ተነቦ የሚያልቅ ግጥም ወይም አጭር ታሪክ ብቻ። ስድስት ስብሰባ አለን፤ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ምን እናንብብ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ስናነብስ ምኑን ልብ እንበል?

ጋሽ ዘውዱ

ከ«ኩፌ» ጀምሩ። መህመት አኪፍ ኤርሶይ በ1911 ባሳተመው «ሳፋሃት» የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ በግጥም የተነገረ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ኩፌ የኢስታንቡል ተሸካሚዎች በጀርባቸው የሚያዝሉት ትልቅ ቅርጫት ነው።

ተራኪው በጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ዋና የማያውቅ ሰው በማይሻገረው የጭቃ ሰፈር ሲያልፍ መንገድ ላይ የተጋደመ ኩፌ ያያል። 13 ዓመት የሚሆነው ልጅ ከወዲያ መጥቶ ቅርጫቱን በእርግጫ ይለዋል። ሐሰን ይባላል፤ ተሸካሚ የነበረው አባቱ ሞቷል። እናቱ «ቅርጫቱ ምን አጠፋ? አባትህ ስምንት ዓመት የሠራበት ገደኛ ዕቃ ነው» ትለዋለች። እሷ የምታየው የዕለት እንጀራቸውን ነው። ልጁ ግን ቅርጫቱን ራሱን ያናግረዋል፦ «አባቴ በአንተ ሥር ሞተ፤ አንተ ግን ዛሬም እንዲህ መንገድ መሀል ተኮፍሰህ ትተኛለህ!» ልብ በሉ፤ ልጁ አያለቅስም፣ ይቆጣል። ቁጣውም ያረፈው ሰው ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሊደርስበት የሚችለው ጠላት ያ ዕቃ ብቻ ነው።

ከዚያ ጊዜ ያልፋል። ተራኪው ከሰዓት በኋላ ፋቲህ ሰፈር ሐሰንን ያገኘዋል፤ ባዶ እግሩን፣ ራሱ ሳይሸፈን፣ ቅርጫቱን አዝሎ። በዚያው ቅጽበት ከሃምሳ የሚበልጡ ተማሪዎች ተሰልፈው ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። ግጥሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ከዚያ አኪፍ ዝም ማለት አቅቶት «ይህ ሸክም አይደለም፣ ዕጣ ፈንታ በንጹሕ ልጅ ላይ የጣለችው ቅጣት ነው» እያለ ይፈርዳል። ይህን የፍርድ ዐረፍተ ነገር ምልክት አድርጉበት፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች የሠሩት ትልቁ ሥራ እሱን መቁረጥ ነው።

ምቱ አሩዝ ነው፤ የረጅምና የአጭር ቀለማትን ድርድር የሚቆጥረው የቤተ መንግሥት ግጥም ምት። አኪፍ ግን በዚያ ምት ውስጥ የሰፈር ሴት ንግግር አስገባበት። እዚህ ላይ ከሕይወቱ አንድ ነገር ልጨምር፦ በ1921 የቱርክ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ሲመረጥለት የተመደበለትን 500 ሊራ አልወሰደም፤ ለድሃ ሴቶችና ልጆች ሙያ ለሚያስተምር ተቋም ሰጠው።

ለስድስቱም ስብሰባ አንድ ክር ልስጣችሁ፤ የትምህርት ቤቱን በር ተከተሉ። ሐሰን ከበሩ ውጭ ቆሟል። ከዚያ በኋላ የድሃው ልጅ ወደ በሩ ሲጠጋ፣ ሲገባ፣ ከገባም በኋላ ምን እንደሚገጥመው የቱርክ ጸሐፊዎች ስድሳ ዓመት ሙሉ እየተቀባበሉ ጽፈውታል።

ሰሚራ ዘደሴ

ጋሽ ዘውዱ ባሉት እስማማለሁ፤ ግን በዚያው ስብሰባ ከ«ኩፌ» በፊት የቴቭፊክ ፊክረትን «ባልክችላር» (ዓሣ አጥማጆች) ያንብቡ። በ1900 በታተመው «ሩባብ-ኢ ሺከስቴ» ውስጥ ይገኛል። አባት ልጆቹን «ዛሬም ተርበናል፤ ነገ ግን ባሕሩ ትንሽ ይረጋ ይሆናል» ይላቸዋል። እናት ታማለች። አባት እሷን ማስታመም ስላለበት ልጁ በአሮጌው ጀልባ ብቻውን ይወጣል፤ የምትመለሰው ባዶዋ ጀልባ ናት።

ሁለቱን ማስቀደም የሚጠቅመው ለንጽጽር ነው። ፊክረት ላይ ገዳዩ ማዕበል ነው፤ ሰው አይጠየቅበትም። አኪፍ ላይ ማዕበል የለም፤ መንገድ፣ ሸክምና ትምህርት ቤት ነው ያለው፤ ሦስቱም ሰው የሠራቸው ናቸው። ፊክረትን ከዘመናዊዎቹ በኋላ ካነበባችሁት ግን ልቅሶው ይበዛባችሁና ሳትሰሙት ታልፋላችሁ። ለሁለቱ ጽሑፎች ንባብ 40 ደቂቃ ይበቃል።

የማታ ተማሪ

ሁለተኛው ስብሰባ ያለ ጥርጥር የሪፋት ኢልጋዝ ነው። ኢልጋዝ መምህር ነበር። በ1944 «ስንፍ» (ክፍል) የሚል የግጥም መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ እሱም ስድስት ወር ተፈረደበት። ዘመኑን ካላወቃችሁ ምክንያቱ አይገባችሁም። ቱርክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውጊያ ውስጥ አልገባችም፤ ሠራዊቷን ግን ክተት ጠርታ ይዛ ነበር። ኢስታንቡል ውስጥ ከ1942 ጀምሮ ዳቦ በካርድ ነበር የሚታደለው። በዚያ ሰዓት መምህሩ የተማሪዎቹን ረሃብ በስም ጻፈው።

«ልጆቼ» የሚለውን ግጥም አንብቡ። እንዲህ ይጀምራል፦ «ከስም መጥሪያው አይደለም ያወቅኋችሁ፣ እናንተ ረባሽ ልጆቼ»። ከዚያ አንድ በአንድ ያገኛቸዋል። ብዙ ቀን የሚቀረውን ልጅ ከሲኒማ ሲመለስ ያየዋል፤ በብብቱ ያልተሸጡ ጋዜጦች ይዟል። ሰነፉ የናና ከረሜላ ይዘረጋለታል። ልቡ ክፍል ውስጥ የማይገኘው ደግሞ መምህሩ የያዘውን እስር ስፒናች በኩፌው ሊሸከምለት ይጠይቀዋል።

ያውላችሁ፤ የአኪፍ ቅርጫት ከ33 ዓመት በኋላ። ሐሰን በመጨረሻ ክፍል ገብቷል፤ ግን ቅርጫቱን ይዞ ነው የገባው። መምህሩ «ቀሪ፣ ሰነፍ፣ ፈዛዛ» እያለ በመዝገብ የጻፋቸው ሁሉ መንገድ ላይ ሲታዩ ሠራተኞች ናቸው። የግጥሙ ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ቅጽሎች ወስዶ አንድ በአንድ ያፈርሳቸዋል።

ቀጥሎ ያለውን ክፍል በዝግታ አንብቡት። ብዙዎቹ በካፖርትና በጫማ እጦት ይቀራሉ፤ አንዱ ዓሣ ገበያ ሎሚ ይሸጣል፣ ሌላው ታህታካሌ ሻይ ያመላልሳል። ክፍል የቀሩት ደግሞ የቅቤን ቪታሚንና የትኩስ እንቁላልን ካሎሪ ያጠናሉ። ገጣሚው ይህን ከተራበች ዶሮ ሕልም ጋር ያያይዘዋል፤ «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ለምንል ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የምድርን ዙሪያ ለኩ፣ የከዋክብትን ርቀት አሰሉ፣ ወሬ ሲጠፋ ስለ መካከለኛው እስያ አወሩ፤ በክረምት ለድንቢጦች አዘኑ፣ ራሳቸውን ረስተው። ይህን የመካከለኛው እስያ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኢልጋዝን የሚያበላሸው ጮክ ብሎ እንደ መፈክር ማንበብ ነው። መምህር ስም ሲጠራ በሚያወጣው ድምፅ ይነበብ።

ምዕራፍ ሁለት

የትምህርት ቤቱ ክር ጥሩ ነው፤ ግን እሱን ብቻ ከያዛችሁ ግማሹ ይቀርባችኋል። የቱርክ አጭር ልቦለድ የድሃን ልጅ ከሁሉ በላይ ያሳየው ሥራ ላይ ነው። ሁለት የሳባሃቲን አሊ ታሪኮች ውሰዱ።

«አራባላር ቤሽ ኩሩሻ» (መኪኖች በአምስት ኩሩሽ፤ ኩሩሽ የቱርክ ሳንቲም ነው) በ1936 «ካኝ» በሚለው መድበል ወጣ። እናትና ልጅ ምሽት መንገድ ዳር የመጫወቻ መኪና ይሸጣሉ። ልጁ መጫወቻ ይሸጣል እንጂ አይጫወትም። በደህና የለበሰ አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ሲመጣ የክፍሉ ጓደኛ ሆኖ ያገኘዋል። ለጥቂት ደቂቃ ሁለቱም ተራ ልጆች ይሆናሉ። ከዚያ የባለጸጋው እናት መጥታ ልጇን ትለየዋለች። እነዚህ ሁለት ልጆች ክፍል ውስጥ እኩል ናቸው፤ ደረጃቸው የሚለየው አስፋልቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከጋሽ ዘውዱ ክር ጋር አይጋጭም፣ ይዘረዝረዋል።

«አይራን» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ሐሰን የሚባል ትንሽ ልጅ (ስሙን ከአኪፍ ጋር አታምታቱት) በክረምት፣ በበረዶ፣ ባቡር ጣቢያ ላይ አይራን ይሸጣል፤ አይራን እርጎ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ቀዝቃዛ ነገር ነው። እናቱ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራለች፤ ታናናሾቹ ቤት ዳቦ ይጠብቃሉ። ስታነቡ ወረቀት ይዛችሁ ሒሳቡን ሥሩ፦ ባቡሩ ስንት ደቂቃ ይቆማል? በዚህ ብርድ ቀዝቃዛ መጠጥ ማን ይገዛል? ከጣቢያው እስከ መንደሩ በጨለማ ምን አለ? ደራሲው «አሳዛኝ» የሚል ቃል አያስፈልገውም። የሸቀጡና የወቅቱ አለመገጣጠም ብቻውን ልጁን ወደ ተኩላዎቹ ይነዳዋል።

ኦርሃን ከማል ሌላ መንገድ አለው። አባቱ ፖለቲከኛ ነበር፤ ወደ ቤይሩት ሲሸሽ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ተከተለው፣ በስደት ሥራ ገባ፤ ኋላም አዳና ውስጥ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛና ጸሐፊ ሆነ። ቡርሳ እስር ቤት ከገጣሚው ናዚም ሂክመት ጋር ሲገናኝ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ናዚም ነው ወደ ዝርው የመለሰው። «ኤክሜክ ካቭጋሲ» (የዳቦ ትግል፣ 1949) የመጀመሪያው የአጫጭር ታሪኮቹ መድበል ነው። ታሪኮቹ በአብዛኛው ንግግር ናቸው፤ ገለጻ ፈልጋችሁ ካነበባችሁ «ምንም አልተፈጠረም» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ለሁለት ሰው አከፋፍላችሁ እንደ ተውኔት አንብቡ። ልጁ በዐረፍተ ነገሩ መሀል የሚያቆምበትን ቦታ፣ አዋቂው ስለ ገንዘብ ሲያነሣ ወሬ የሚለውጥበትን ቦታ ምልክት አድርጉ።

ጓዳ አንባቢ

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ሁሉም የሚያስለቅስ ከሆነ አባላቱ በሦስተኛው ሳምንት እንዳይሰለቹ እፈራለሁ። ደግሞ አንድ አባል የከማለቲን ቱጁን መጻሕፍት ጠቁሞ ነበር፤ በቱርክ ሁሉም ሰው በልጅነቱ ያነባቸው ናቸው አለ። ይግቡ ወይስ ይቅሩ?

ሰሚራ ዘደሴ

ለዝርዝሩ ይቅሩ፤ ለውይይቱ ግን ያስፈልጓችኋል። ቱጁ (1902–1996) በእግሩ ጉዳት ምክንያት ትምህርት ቤት ያልገባ፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው፤ ከ300 በላይ መጽሐፍ ጽፏል። ወላጅ የሞተባቸው፣ የጠፉ፣ ከቤት የተባረሩ ልጆች አንባቢዎቹን ትውልድ በትውልድ አስለቅሰዋል። ስሙን ማቃለል ፋሽን ሆኖ ነበር፤ እኔ አልቀበለውም። መጽሐፍ የመግዛት አቅም በሌለው ቤት ለሚያድግ ልጅ «የአንተም ኑሮ ይጻፋል» ያለው እሱ ነው።

ልዩነቱ ግን መነገር አለበት። በእንዲህ ዓይነት ታሪክ ድህነት አደጋ ነው፤ ስለዚህ በአደጋ ይፈታል፤ ደግ ሀብታም ይመጣል፣ የጠፋ አባት ይገኛል። ልጁ የሚጠበቅበት ንጹሕ ሆኖ መጠበቅ ብቻ ነው። ለስብሰባችሁ መፈተኛ ይሁናችሁ፤ ከታሪኩ ውስጥ ደጉን ሰው አውጡት፤ ልጁ የሚሠራው ነገር ይቀራል? «ልጆቼ» ውስጥ ጋዜጣው፣ ከረሜላው፣ ሎሚው ይቀራሉ።

የድካሙን ነገር በተመለከተ ሦስተኛው ስብሰባ ላይ የአጭር ልቦለድ ጸሐፊውን ሳይት ፋይክን አስገቡ። «እፔክሊ መንዲል» (የሐር መሐረብ) በ1936 «ሴማቨር» ውስጥ አለ። ቡርሳ የሐር ፋብሪካ ገብቶ ለሚወዳት ልጅ መሐረብ የሚሰርቅ ልጅ ነው። ዳቦ ቢሰርቅ ኖሮ ሁላችንም ወዲያው እንራራለት ነበር፤ ሐር ስለሆነ ቆም ብለን እናስባለን። ድሃ ልጅም የሚያምር ነገር ይመኛል። የሳይት ፋይክ የተመረጡ ታሪኮች በእንግሊዝኛ በ2015 ስለወጡ ማግኘቱ አይከብድም።

ጋሽ ዘውዱ

አሁን ወደ ፉሩዛን። ለእኔ የዚህ ርእስ ቁንጮ እሷ ናት። ኢስታንቡል በ1932 ተወለደች፤ አባቷን በልጅነቷ አጣች፣ ትምህርቷንም ገና ወጣት ሳለች አቋረጠች። በ1971 ያወጣችው «ፓራሲዝ ያትሊ» (ነፃ አዳሪ) በቀጣዩ ዓመት በሳይት ፋይክ ስም የሚሰጠውን የአጭር ልቦለድ ሽልማት አገኘ፤ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ነፃ አዳሪ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ታሪኩ ባዶ ይሆንባችኋል። መንግሥት በፈተና የሚያሳልፋቸውን የድሃ ልጆች ያለ ክፍያ አሳድሮ፣ አብልቶ፣ አልብሶ የሚያስተምርበት መንገድ ነው፤ ከምሩቃኑ ብዙዎች መምህራን ይሆኑ ነበር። ለድሃ ቤት ትርጉሙ ሁለት ነው፦ ልጅ ትማራለች፣ ከቤትም የሚበላ አንድ አፍ ይቀነሳል። ሁለተኛውን ማንም አፉን ሞልቶ አይናገረውም። ታሪኩ የቆመው በዚያ ዝምታ ላይ ነው።

ባሏ የሞተባት እናት ሆስፒታል በዝቅተኛ ሥራ ተቀጥራለች። ቀኑ የፈተናው ቀን ነው። እናትና ልጅ ይሄዳሉ፣ ያወራሉ፤ ከዚህ የተለየ ድርጊት የለም። የእናቲቱን ንግግር ተከታተሉ፤ ስለ ነገ በተናገረች ቁጥር ዛሬ የጎደለው ይታወቃችኋል። የልጅቱ ጭምትነት ደግሞ ከዕድሜዋ በላይ ነው። እናቷን ላለማስከፋት የምትውጠው ቃል ብዙ ነው። መጨረሻ ላይ ለነፃ አዳሪ ፈተና የሚመጡ ልጆች ሁልጊዜ ቀድመው እንደሚደርሱ፣ ፈጽሞ እንደማይዘገዩ ይነገራል። አኪፍ ቢሆን አንድ ገጽ የሚያዝንበትን ፉሩዛን በሰዓት ነገረችን። በጊዜ መድረስ የድሃ ልጅ ብቸኛ ሀብት ነው፤ ሌላ የሚያቀርበው ነገር የለውም።

የተለመደው ስሕተት ታሪኩን «የእናት ፍቅር» ብሎ መዝጋት ነው። ፍቅሩ አለ፤ ግን ፉሩዛን የምትጠይቀው ልጅቱ ካለፈች እነዚህ ሁለቱ እንደሚለያዩ ማን አሰበው ብላ ነው።

ከዚያው መጽሐፍ «ሃራች»ንም (ግብር) ጨምሩ። ሰርቨት በልጅነቷ ለሀብታም ቤት ተሰጥታ በአገልጋይነት ያረጀች ሴት ናት። ነፃ አዳሪ ባይኖር የልጅቱ ሌላኛው ዕጣ ምን እንደነበር ያሳያል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማንበብ ይከብዳል፤ ሆኖም አትለያዩዋቸው።

የማታ ተማሪ

ጋሽ ዘውዱ በሩን ከከፈቱት ዘንድ፣ በበሩ የገባው ልጅ ምን እንደሆነ ገጣሚው ኤጄ አይሃን ይናገራል። «ሜችሁል ኦሬንጂ አንት» (ላልታወቀው ተማሪ የቆመ ሐውልት)፣ «ዴቭሌት ቬ ታቢያት» (መንግሥትና ተፈጥሮ) ከሚለው የ1973 መጽሐፍ። አይሃን አንካራ የፖለቲካ ሳይንስ የተማረ፣ በወረዳ አስተዳዳሪነት የሠራ ሰው ነው፤ መንግሥትን ከውስጥ ያውቀዋል።

ግጥሙ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ እንደ መቃብር ድንጋይ በየክፍሉ አንብቡት። መጀመሪያ የድንጋዩ ጽሕፈት፦ በዚህ ጥቁር እብነ በረድ ሥር፣ አንድ የዕረፍት ሰዓት ያህል ብቻ በሕይወት ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ስለ ተፈጥሮ ሊመልስ ወደ ሰሌዳ ይወጣ የነበረ ልጅ ተቀብሯል፤ በመንግሥት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተገድሏል። ቀጥሎ ጥያቄው፦ ማቬራዑነሂር ወዴት ይፈስሳል? ግጥሙ ራሱ ጥያቄውን «የተሳሳተ» ይለዋል፤ ማቬራዑነሂር ወንዝ አይደለም፣ በአሙ ዳርያና በሲር ዳርያ መካከል ያለ የመካከለኛው እስያ አገር ነው። ኢልጋዝ ክፍል ውስጥ ወሬ ሲጠፋ የተወራበት መካከለኛው እስያ ይኸው ተመለሰ። በ1930ዎቹ የተቀረጸው የታሪክ ትምህርት ልጆቹን ከዚያ እንደመጡ ያስተምራቸው ነበር። ለዚያ ጥያቄ ከኋላ ወንበር አንድ ጣት ይነሣል፦ የሚፈስሰው ወደ ገረጡ የሕዝብ ልጆች ዐመፅ ልብ ነው።

ከዚያ ወላጆቹ ይናገራሉ። አባቱ ቆራሌ ነው። የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «መጫወቻዎች እንዳሉት አሳምኜው ነበር»። እናቱ ሌሊት ልብስ የምታጥብ ናት። በመጨረሻ የክፍል ጓደኞቹ በቁጥሩ ይጠሩታል፤ «አይዞህ 128» ይሉታል፤ በነፃ አዳሪዎቹ ትምህርት ቤቶች በእያንዳንዱ ልጅ ልብ ውስጥ ከራሱ የሚበልጥ ልጅ እንዳለ ይነግሩታል። በልጆች በዓል ፖስታ የሌላቸው ወፎች እንደሚልኩለትም ይነግሩታል። በዓሉ ቱርክ በየዓመቱ ሚያዝያ ወር፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 23፣ የምታከብረው ነው።

አንባቢን የሚያሰናክለው እያንዳንዱን ምስል ለመፍታት መሞከር ነው። ማን ይናገራል የሚለውን ብቻ ለዩ፤ ድንጋዩ፣ መምህሩ፣ ጣቱ፣ አባቱ፣ እናቱ፣ ክፍሉ። ስድስት ድምፅ ስላለው ለስድስት ሰው አከፋፍሉት። ፉሩዛን በ1971 በተስፋ ያደረሰቻትን ልጅ አይሃን ከሁለት ዓመት በኋላ በቁጥር ይቀብራታል ማለት አይደለም፤ ግን ሁለቱ በአንድ ዘመን መጻፋቸውን አትርሱ። በዚያው ዘመን የመጋቢት 1971 ወታደራዊ ጣልቃ ገብነት አለ።

ምዕራፍ ሁለት

ከኢስታንቡል ውጡ እንጂ! ገጠሩን ለብቻው አንድ ስብሰባ ስጡት።

ያሻር ከማል «ቤቤክ» (ሕፃኑ)፣ ከ1952ቱ «ሳር ስጃክ»። እናቱ ስለሞተች ኢስማኤል ሕፃኑን ታቅፎ ጡት ለምኖ ይዞራል። ወቅቱ በደቡብ ቱርክ ባለው በቹኩሮቫ ሜዳ የአጨዳ ጊዜ ነው። ሴቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ማሳው ጉልበታቸውንም ጊዜያቸውንም ወስዶታል። ረጅም ስለሆነ አስቀድሞ በየቤት ይነበብ።

ጄይሁን አቱፍ ካንሱ የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ ቱርሃል ስኳር ፋብሪካ ለዓመታት ሠርቷል። «ክዛሙክ አድ» (የኩፍኝ ሙሾ) የሚለው ግጥሙ ኩፍኝ ስለፈጃቸው የመንደር ልጆች ነው። ሙሾ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ድምፁ አይጠፋብንም። ጃሂት ኩሌቢ በ«ሂካዬ» (ታሪክ) ግጥሙ ደግሞ ገጠር ያደገ ሰው የልጅነቱን እጦት ለሚወዳት ይነግራታል፤ በተወለድኩባቸው መንደሮች የሰሜን ነፋስ ይነፍስ ነበር፣ ከንፈሬ የተሰነጣጠቀው ለዚህ ነው ይላታል። አጭርና ለስላሳ ነው፤ ከካንሱ በኋላ ይነበብ።

ወደ ከተማ ስትመለሱ ረፊክ ዱርባሽ፣ «ችራክ አራኒዮር» (ተለማማጅ ይፈለጋል፣ 1978)። ርእሱ በጋራዥና በልብስ ስፌት ቤት በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ልጁ አለቃውን እየደጋገመ ይጠይቀዋል፤ ፍቅር በየት በኩል ነው፣ አገር በየት በኩል ነው፣ ናፍቆቱ ግን ሁልጊዜ ለእኔ ብቻ ነው ወይ? ጮክ ተብሎ ሲነበብ ያምራል።

ጓዳ አንባቢ

እንግዲህ እንዲህ አሰብኩ፦ 1ኛ ፊክረትና አኪፍ፣ 2ኛ ኢልጋዝ፣ 3ኛ ሳባሃቲን አሊና ሳይት ፋይክ፣ 4ኛ ኦርሃን ከማልና ገጠሩ፣ 5ኛ ፉሩዛን፣ 6ኛ ኤጄ አይሃንና ዱርባሽ። ይሆናል?

ሰሚራ ዘደሴ

ይሆናል፤ አራተኛው ግን ተጨናንቋል። ኢልጋዝ አንድ ግጥም ስለሆነ ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ ኦርሃን ከማልን ወደ ሁለተኛው አምጡት። መምህሩ ከክፍል ሆኖ ያያቸውን ልጆች እሱ ከሥራ ቦታቸው ያሳያችኋል። አራተኛው ለገጠሩ ብቻ ይሁን።

ግጥሞቹን ለሁሉም በወረቀት አባዙ። «ልጆቼ»ን መጀመሪያ ያለ ማብራሪያ አንብቡት፤ የዳቦ ካርዱንና የእስሩን ነገር ንገሯቸውና እንደገና አንብቡት። ለኤጄ አይሃን ደግሞ ስድስቱን አንባቢዎች ከሳምንት በፊት ምረጡ። የአባቱን ዐረፍተ ነገር የሚያነበው ሰው ድምፁን ከፍ እንዳያደርግ ንገሩት።